አቤት የሚል ቤት

በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ላይ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው፣ ሳሎን ሆኖ መኝታ ቤት ያለውን ሰው በገዛ ጉሮሮው ጠርቶ ማሰማት አይችልም ነበር። ግድግዳው ድምፅ ይበላል። በሩ ቢከፈት እንኳ ቃሉ ደፉ ላይ ደርሶ ይሞታል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግረው ስፒከር ብቻ ነው። ግድግዳ ሁሉ ድምፅ የሚበላ ይሁን የሚለው ደንብ ከወጣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤትና ጎረቤት በጩኸት የተነሳ ይካሰስ ነበር። አሁን የሚካሰስ የለም። ላይኛው ፎቅ ሐዘን ቢቀመጥ ታችኛው የሚያውቀው ሊፍት ውስጥ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲበዛበት ነው።

ኪሩቤልና ሚስቱ ሄርሜላ ከቦርከና ዳር ከነበረው የመሬት ቤታቸው ተነስተው አሥራ አንደኛ ፎቅ በገቡ በሳምንቱ፣ ስፒከር የምትገጥመው ባለሙያ መጣች። አንሻ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የአያት ስም ማውጣት እንደገና ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች ናት። የሽማግሌና የባልቴት ስም አሁን ኪሩቤልና ሄርሜላ ነው። ሰው ስማቸውን በስልክ ሲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየነጣጠለ ያናግራቸዋል።

አንሻ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ግድግዳውን በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ቤቱን ዞረችው።

«አራት ዞን ነው የሚወጣው» አለች። «ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድቤት፣ በረንዳ።»

«አራት ክልል በይኛ» አለ ኪሩቤል።

«ዞን ይሻላል ጋሼ። ክልል ካልነው ድንበር ይመጣል።»

ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ሄርሜላ ሳቀች። «ድንበሩማ ድሮም አለ። እሱ ከሳሎን አይወጣም፣ እኔ ከበረንዳ።»

ኪሩቤል አልሳቀም። ዓይኑ አንሻ ከከፈተችው ካርቶን ላይ ነበር። ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። አንድ አዳራሽ ውስጥ አርባ ማሽን እየጮኸ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። ጩኸቱን አይሰማውም፤ ከአርባው አንዱ ዝም ሲል ግን ቀና ይላል። ተነስቶ ሳይሳሳት ዝም ወዳለው ማሽን ይሄዳል። የተቀጠረውም ለዚያ ነው።

ሄርሜላ ስኳር አለባት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመሬት ቤታቸው፣ ከአጥር በር ላይ ሆኖ ጠራት። መልስ ጠፋ። ሲሮጥ ሄዶ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ወድቃ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋት አገኛት። ሐኪም ቤት ክንዷ ላይ የለጠፉላትን መለኪያ ቆዳዋ አልቀበል አለ፤ ቆሰለና ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ኪሩቤል ይጠራታል። የሚፈልገው ነገር ኖሮ አይደለም። ሄርሜላ ይላል፤ ወይ ትላለች፤ ይቀመጣል። ዝም ካለች ይነሳል።

አንሻ አንዱን ስፒከር አንስታ ሰጠችው። ከሁለት ጡብ አይበልጥም። «ራስ ገዝ ነው» አለች። ሠራተኞቹ የሚጠሩት እንደዚያ ነው። «የራሱን መብራት ከሶኬት ይወስዳል፣ የራሱ ማጉያ ሆዱ ውስጥ ነው። ከዋናው ሳጥን የሚመጣለት ይቺ ቀጭን ገመድ ብቻ ናት። ለማድቤት እንፋሎት የሚችለውን አመጣለሁ። በረንዳው መስታወት ስለሆነ ድምፅ ያንጫርራል፤ እዚያ ትንሹን ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥተን እናስቀምጣለን።»

«ጥገኛ የለሽም?»

«ምን?»

«ጥገኛ ስፒከር። አንዱ ማጉያ ለሁሉም የሚያድልለት። የሰጡትን ብቻ የሚናገር።»

«እሱን እንግዲህ ሙዚየም ይጠይቁልኝ» አለች አንሻ፤ ጥርሷ ታየ።

«ይቺ ገመድ ድምፅ የምትወስደው ከዚህ ወደዚያ ብቻ ነው?»

«ከዚያም ወደዚህ። እርስዎ ሳሎን ሆነው ሲጠሩ እማማ በረንዳ ላይ ይሰማሉ። እሳቸው ሲመልሱ ደግሞ እርስዎ። ሥራ ይዘው ወይም እንቅልፍ ወስዷቸው ካልመለሱም ችግር የለም። ሦስት ሰከንድ ይጠብቅና ስፒከሩ ይመልስልዎታል። በእሳቸው ድምፅ አቤት ይላል።»

ኪሩቤል ስፒከሩን መሬት አስቀመጠው። «ማን አዘዘው?»

«ሁሉም ቤት እንደዚህ ነው ጋሼ። ሰው ጠርቶ መልስ ሲያጣ ይጨነቃል። እንዳይጨነቅ ነው።»

«እኔ ጭንቀቱን ነው የምፈልገው።»

አንሻ ወደ ሄርሜላ ዞር አለች። ሄርሜላ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆይታ፣ «እኔ ግን አልፈልገውም» አለች። «በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ ልጄ? ሄርሜላ! ወይ። ሄርሜላ! ወይ። ትረካ ጀምሬ አንዱን ምዕራፍ እንኳ በሰላም ጨርሼ አላውቅም። ዋናው ሰውዬ ሞተ ሲሉ ይጠራኛል፤ ወይ ብዬ ስመለስ ተቀብሮ አገኘዋለሁ። ይመልስልኝ እንጂ! አፌን ያሳርፍልኝ።»

«ሄርሜላ» አለ ኪሩቤል።

«ወይ! ይኸው፣ አላልኩሽም?»

ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ሶልያና በስልክ ገባችበት። «አባዬ፣ ወለሉ ያውቃል እኮ። እማዬ ከወደቀች ቤቱ ራሱ ይነግርሃል፤ ለእኔም ይደውልልኛል። አንተ ምን አስጨነቀህ?» አለችው። ሁለት ሴቶች ከፈለጉት፣ ሦስተኛዋም ካርቶኑን ከከፈተች በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ኪሩቤል ዝም አለ። ዝምታው እሺ ተብሎ ተወሰደ።

አንሻ አራቱን ስፒከሮች ሰቅላ፣ ሶኬት ላይ ሰክታ፣ ቀጫጭን ገመዶቹን በግድግዳው ጥግ አሳልፋ ሳሎን ካለው ዋና ሳጥን ጋር አገናኘቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በራ። ከዚያ ትንሽ መቅረጫ ለሄርሜላ አቀረበችላት።

«እማማ፣ ስምዎ ሲጠራ የሚመልሱትን ይበሉልኝ።»

ሄርሜላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «አቤት» አለች። ትንሽ ቆይታ «አቤት» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ጮክ ብላ፣ «አቤት!»

«አንዱ ይበቃ ነበር» አለች አንሻ እየሳቀች።

ኪሩቤል ሰማ። ከተጋቡ አርባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ቀን አቤት ብላው አታውቅም። ወይ ነው የምትለው። እንግዳ ፊት ሲሆንባት ጨዋ ሆነች። ተሳስተሻል፣ ሚስቴ እንደዚህ አትመልስም፣ ብሎ ማሳረም ይችል ነበር። ከንፈሩን ገጠመ።

«ሳሎን ምን ይጫወት?» አለችው አንሻ በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ምርጫ የለም ጋሼ። ዞኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ከሆነ ሕንፃው ተበላሽቷል ብሎ ሰው ይልካል። ዝናብ አለ፣ ወፍ አለ፣ ጸጥታ አለ።»

«ጸጥታውን አድርጊልኝ።»

«አንድ፣ ሁለት ወይስ ሦስት?»

ሦስቱንም አሰማችው። ሦስተኛውን መረጠ። ከሩቅ ውሃ የሚፈላ የሚመስል ነገር ነበረው፤ የቀሩት ከዚህም የባሱ ነበሩ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሄርሜላ በረንዳ ላይ ትረካዋን ከፈተች። ኪሩቤል ሳሎን ተቀምጦ ጠራት።

«አቤት» አለ ግድግዳው፣ በሚስቱ ድምፅ።

ተነሳ። ጉልበቱ ስለሚያመው ከሶፋው እስከ በረንዳው አሥራ አራት እርምጃ ይፈጅበታል። ሄርሜላ ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯን ኩርሲ ላይ ሰቅላ ታዳምጣለች። ጥላው ሲያርፍባት ዓይኗን ገለጠች።

«መለስኩልህ እኮ!»

«አንቺ አይደለሽም።»

«ድምፄ አይደለም?»

«ድምፁማ ድምፅሽ ነው።»

«ታዲያ ሂድ ተቀመጥ።»

በዚያን ቀን ሠላሳ አምስት ጊዜ ጠራት። ሃያ ዘጠኙን አቤት ተባለ፤ ስድስቱን ወይ። አቤቱ የቤቱ ነው፤ ወይታው የሄርሜላ። ለሃያ ዘጠኙም ተነስቶ ሄደ። ማታ ጉልበቱ አብጦ ቅባት ስትቀባው፣ «የመሬት ቤት ሳለን እንዲህ ትሮጥ ነበር እንዴ?» አለችው።

ቀስ በቀስ ለመደው። ሄርሜላ ከቁርስ በኋላ ወይ ትላለች፤ ትረካው ሲጦፍ ቤቱ አቤት ይላል፤ ከምሳ በኋላ እንደገና ወይ። ኪሩቤል ሥርዓት አወጣ። ሁለት አቤት በተከታታይ ከመጣ ዝም ይላል። ሦስተኛው ሲመጣ ይነሳል። ጸጥታ ቁጥር ሦስትን እየሰማ፣ ቃሉን ከቃሉ እየለየ ይውላል። የድሮ ሥራው ተመለሰለት ማለት ይቻላል። ዘዴውን ለሚስቱም ለልጁም አልተናገረም። ቤቱም እንዳይሰማ ከአፉ አላወጣውም።

አንዳንድ ቀን በዚያው ፎቅ የሚኖረውን አቶ ናሆምን ሊጠይቅ ይሄዳል። ናሆም ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል። ሁለቱ ተቀምጠው ስለ ድሮ ኳስ ሲያወሩ፣ ናሆም በወሬው መሐል ራሱን ወደ መኝታ ቤት ዘንበል አድርጎ፣ «ሜላት!» ይላል።

«አቤት» ይላል ስፒከሩ።

ናሆም ወሬውን ይቀጥላል።

«ሜላት አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ሄዳለች አላልከኝም?» አለው ኪሩቤል አንድ ቀን።

«አራት ወሯ።»

«ታዲያ ምን ትጠራታለህ?»

ናሆም ገረመው። «ይመልስልኛላ» አለ። «ስትኖርም ከዚህ የበለጠ አላወራችኝም።» ብሎ ሳቀ። ኪሩቤልም አብሮት ሳቀ፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ሳሎን ሳይቀመጥ ቀጥታ በረንዳ ሄደ።

*

በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ሄርሜላ ሲላት ወይ ተባለ። እንደገና ጠራት፤ ወይ። ትረካው በጦፈበት ሰዓት ጠራት፤ ወይ። ዛሬ ደግ ቀን ነው አለ በልቡ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ወይ ቆጠረ። ደስ ብሎት፣ ምሳ እንብላ ሊላት ወደ በረንዳ ሄደ።

ሄርሜላ ወንበሯ ላይ ተኝታለች። አፏ ከፈት ብሏል። ትረካው ብቻውን ያወራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛሽ?» አላት ሲቀሰቅሳት።

«ኧረ እንጃ፤ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ወሰደኝ።»

አንሻ ዘንድ ደወለ። «ተምሮ ነው ጋሼ» አለችው፣ እንደ ምሥራች። «ቤት ውስጥ የሚሰማውን ይለምዳል። እማማ ራሳቸው ወይ ሲሉ እየሰማ ራሱን አረመ። ጎበዝ ነው።»

«ወደ አቤት መልሺው።»

«የተማረውን አይረሳም።»

«ሁለቱን በምን ልለያቸው ታዲያ?»

አንሻ ጥያቄው አልገባትም። «ለምን ይለያሉ?» አለች።

ኪሩቤል ስልኩን አስቀምጦ በረንዳ ተመለሰ። ከሄርሜላ ፊት ኩርሲው ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ስለ አቤቱ፣ ስለ ወይታው፣ በየቀኑ ስለሚቆጥረው። ሄርሜላ ትረካውን ዘጋች።

«አራት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እንዳልሆንኩ እያወቅክ ዝም አልክ?»

«አዎ።»

«ምን ብለህ አሰብክ?»

«ሰልችቷታል ብዬ።»

ሄርሜላ በመስታወቱ ወደ ቦርከና ተመለከተች። የድሮ ቤታቸው ቦታ ላይ አሁን የመኪና ማቆሚያ አለ። «መጠራቱ አይደለም የሰለቸኝ» አለች። «ድሮም ትጠራኝ ነበር። ጨው የታለ ብለህ፣ መነጽሬን አየሽው ወይ ብለህ። አሁን የምትጠራኝ ሞታ ይሆን ብለህ ነው። ሰው በቀን ሠላሳ አምስት ጊዜ አልሞትኩም ብሎ ሲመልስ ይደክመዋል፣ ኪሩቤል።»

ኪሩቤል እጆቹን አየ። ያለችው ልክ ነበር።

«እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ራሴ እመልስልሃለሁ» አለች። «አንተም ቀንስ።»

ቀነሰ። እሷም መለሰች። ወይ ካለች በኋላ እሱ እንዲያውቃት አንድ ነገር ትጨምር ነበር፤ ወይ አለሁ፣ ወይ ውሃ አምጣልኝ፣ ወይ አንተ ጨቅጫቃ። ስምንት ቀን ያህል ሄደ። በዘጠነኛው ትረካው አዲስ መጽሐፍ ጀመረ። ጭማሪው ቀረ። ኪሩቤልም አልወቀሳትም።

*

ግንቦት ውስጥ፣ ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ኪሩቤል ሳሎን ተቀምጦ ከድሮ ቁም ሳጥን የተነቀለ አልገጥም ያለ መወርወሪያ በሞረድ ያስተካክላል። ቆም አለና ጠራት።

«ሄርሜላ!»

«ወይ።»

ሞረዱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ምን እንደሆነ ባያውቅም ቀና አለ።

«ሄርሜላ!»

«ወይ።»

«ሄርሜላ!»

«ወይ።»

ኪሩቤል ግድግዳውን አየ። ድምፁ የእሷ ነው። ለስላሳ ነው፤ አልቸኮለም፤ አልተናደደም። ሄርሜላ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተጠራች ድምፅዋ ይወፍራል። በሦስተኛው ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። በአርባ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ በወሊድ አልጋ ላይ ሆና እንኳ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሳትቆጣ የመለሰችበት ጊዜ የለም።

«ሄርሜላ!» አለ ለአራተኛ ጊዜ። መወርወሪያው ከእጁ ወድቋል።

«ወይ» አለ ስፒከሩ፣ በትዕግሥት።

አሥራ አራቱን እርምጃ በስንት እንደጨረሰው አያውቅም። ሄርሜላ ወንበሯ ላይ ናት። ራሷ ወደ ትከሻዋ አዘንብሏል። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ትረካው ያወራል። ከበላይዋ አረንጓዴው ነጥብ በርቷል። ቤቱ እንደ ወደቀች አልቆጠራትም፤ ተቀምጣለቻ።

«ሄርሜላ» አላት ጆሮዋ ላይ። ሁለቱም አንድ ዞን ውስጥ ስለሆኑ ስፒከሩ አልመለሰም። ዝምታውን ሰማው።

ማድቤት ሄዶ የማሩን ብልቃጥ አመጣ። ሐኪሙ እንዳሳየው በጣቱ እየወሰደ በጉንጯ ውስጥ ቀባላት። ደጋገመ። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ አምቡላንስ ጠራ። ማሩ አገጯ ላይ፣ ነጠላዋ ላይ፣ የእሱ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይሁን ከጥቂት፣ ሄርሜላ ዋጠች። እንደገና ዋጠች። ዓይኗ ተከፍቶ ፊቱ ላይ ዞረ፣ ከዚያ ረጋ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ!» አለች፣ ምላሷ እየከበዳት። «ፊቴን በማር ለቀለቅከው እኮ!»

ኪሩቤል መሬት ላይ ተቀመጠ።

*

በሦስተኛው ቀን አንሻ መጣች። ሶልያና ከሐዋሳ ጮሃባት ነበርና ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ዋናውን ሳጥን ከፍታ የማክሰኞን ጠዋት አየች።

«ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ከሩብ ስድስት ጊዜ ጠርተዋል» አለች። «የመጀመሪያዋን እማማ ራሳቸው መልሰዋል። አምስቱን ስፒከሩ።»

«አሰሚኝ» አለች ሄርሜላ።

አንሻ አመነታች፤ ኋላ አሰማቻት። የኪሩቤል ድምፅ ሄርሜላ ይላል። የሄርሜላ ድምፅ ወይ ይላል። እየደጋገመ። ሄርሜላ አንገቷን ሰብራ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ያኔ ነው እኔ የጠፋሁት?»

«አዎ እማማ።»

«ደግ ሴት ናት» አለች ሄርሜላ። «አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣችውም።»

«እሱም ይስተካከላል» አለች አንሻ፣ የምታጽናናበት ነገር በማግኘቷ ፈጠን ብላ። «ሐምሌ ላይ አዲስ ይጫናል። ቁጣም ይማራል። ሦስተኛ ሲጠሩ ይቆጣል፤ ልክ እንደ እማማ አድርጎ።»

ሽማግሌውና ባልቴቷ ተያዩ። ኪሩቤል ተነስቶ በረንዳ ገባና የስፒከሩን ሶኬት ያዘ።

«ጋሼ አይንቀሉት! ከነቀሉት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሕንፃው ኮሚቴ በሩ ላይ ነው። ሁለተኛ ሲደገም ከሕንፃው ያስወጣል።»

«ተወው» አለችው ሄርሜላ። ከዚያ ወደ አንሻ ዞረች። «የኔን ድምፅ ማውጣት ትችያለሽ?»

«ማውጣትማ እችላለሁ። ግን ከወጣ ከፋብሪካው የመጣው ይገባበታል። የወንድ ድምፅ ነው እማማ። የማያውቁት ሰው ነው። እስካሁን ያስቀረው ቤት አላየሁም፤ መጀመሪያ የምናጠፋው እሱን ነው።»

«ይማራል?»

አንሻ አሰበች። «እሱ አይማርም። የቤቱ ሰው ስላልሆነ ማንን ሰምቶ ይማራል?»

«አስገቢው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ አስገቢው አልኩሽ።»

አንሻ ቅጹን ከፈተች። እየሞላች ሄዳ አንድ ቦታ ቆመች። «ምክንያት ይላል» አለች። «ባዶ ሲሆን አይቀበልም። ምን ልጻፍ?»

ኪሩቤል ሚስቱን ጠበቃት።

«ዝም ስል እንዲታወቅ ብለሽ ጻፊ» አለች ሄርሜላ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሄርሜላ በረንዳ ወጣች። ኪሩቤል ቁርሱን ጨርሶ ሳሎን ተቀመጠ። ጥቂት ቆየና ጠራት።

ሦስት ሰከንድ አለፈ።

«አቤት!» አለ አንድ ወንድ።

ወጣት ነው። ጨዋ ነው። አፉን ለማይክራፎኑ በጣም አስጠግቶታል። የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ክፍል ገብቶ፣ አቤት በል ተብሎ፣ አቤት ብሎ የወጣ ሰው ነው። አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኪሩቤል ግድግዳውን አየ፤ ሶፋውን ተደግፎ ተነሳ።

በረንዳው በር ላይ ሲደርስ ሄርሜላ ሳትዞር እጇን አነሳች። ጠብቅ ማለቷ ነው። ምዕራፉ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቃት።

«ማነው የመለሰልህ?» አለችው ከዚያ።

«ሰውየው።»

«ምን አለህ?»

«አቤት አለኝ።»

«አንተስ?»

«አንተን አይደለም የጠራሁት አልኩት።»

ትከሻዋ በሳቅ ተነቃነቀ። ኪሩቤል ወደ ሳሎን ተመለሰ። በዚያ ቀን ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መለሰ፤ ኪሩቤል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄደ። ማታ ሄርሜላ ጉልበቱን በቅባት አሸችለት።

በበነጋው የበለጠውን ራሷ መለሰች። ሁሉንም አልመለሰችም። ትረካው ሲይዛት ሰውየው ይመልሳል፤ ኪሩቤል ይነሳል። እሷም እንደተነሳ ታውቃለች። እሱ መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ፣ ከኋላው ከሳሎን ግድግዳ «ወይ፤ አለሁ፣ ተመለስ!» የሚል የተቆጣ ድምፅ ይመጣል።

ኪሩቤል መሐል መንገድ ላይ ቆም ይላል። ሶፋው ከኋላው ነው። ዝምታው ተሰብሯል፤ የሚያስኬደው ነገር የለም።

አንዳንድ ቀን ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ግን የቀረውን ሰባት እርምጃ ይጨርሰዋል።